ሻይ ሲመጣ ወንበር ይቀየራል

ሐሙስ

አሰላ የሄድኩት አንድ ጠረጴዛ እንዳላጣ ብዬ ነው። እንዲህ ስል ሰው ስለሚስቅብኝ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

መተሐራ፣ ጋሽ መኮንን ልብስ ስፌት ቤት ነው የምሠራው። ቁልፍ እተክላለሁ፣ እዘመዝማለሁ፣ እተኩሳለሁ። ከማሽኑ ጀርባ አንድ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ አለን። ረቡዕ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ደንበኛውን ሁሉ ከቤት ሲያስቀረው፣ ጨርቁ ይነሳና ጠረጴዛው የጦር ሜዳ ይሆናል። የሸሚዝ ቁልፍ እግረኛ ወታደር ነው። የካፖርት ቁልፍ ፈረሰኛ ነው። ከአሮጌ ኮት የተነቀለ የብረት ቁልፍ ደግሞ አዛዥ ነው። ወንዝ በጠመኔ ይሰመራል፣ ኮረብታ የሚሆነው የተጣጠፈ ጨርቅ ነው። ወታደሮቹ የሚራመዱት በልብስ ሰፊ ሜትር እየተለኩ ነው። ሁለት ጠላቶች ሲገናኙ ዳይስ ይወረወራል፤ ትንሽ ቁጥር የወጣለት ከጠረጴዛው ይነሳል። የሌላውን አዛዥ የማረከ አሸነፈ።

እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት እስካቆም ድረስ አስተማሪዬ ድምፄን የሰማችው ስም ስትጠራ ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ግን እናገራለሁ። «አንተ ነህ ተረኛው» እላለሁ፣ «ልካው፣ አይደርስም» እላለሁ። እስቃለሁም። ችግሩ አሸንፋለሁ። ሁልጊዜ። መጀመሪያ ላይ ረቡዕ ሲመጣ መቀመጫ ይጠፋ ነበር። ከዚያ ሰው አንድ በአንድ ቀረ። መጨረሻ የቀረው ቶፊቅ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ነበር። እሱም አንድ ቀን የመጨረሻ ፈረሰኛውን ሳነሳበት ሜትሩን ጠቅልሎ እጄ ላይ አስቀመጠና፣

«ጄኔራል፣ እኛ የምንመጣው ልንስቅ ነው። አንቺ የምትመጪው ልትጨርሺን ነው» ብሎኝ ወጣ።

ሁለት ረቡዕ ከባዶ ወንበር ጋር ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰብልዬ፣ የሚጫወት ከሌለ ቦታው ለምን ይያዛል? ሁለተኛ ማሽን ላስገባበት ነው» አሉ። ጠረጴዛውን ጠርጌ ጨርቁን መለስኩበት። ማታ ግን ዓይኔ አብጦ ስላዩኝ መሰለኝ፣ ወዲያው አሰላ ላለ ወዳጃቸው ደወሉ። ይህ ወዳጃቸው አናጢው ጋሽ ቱሉ ናቸው። ጨዋታውን ሁለቱ በወጣትነታቸው አዳማ አንድ ግቢ ተከራይተው ሲኖሩ ነው የፈጠሩት።

«ቱሉ ጋ ዛሬም ወንበር አይገኝም አለኝ» አሉኝ። «ሂጂና እዪ። ምን እንደሚያደርጉ አይተሽ ነይ። ጠቃሚ ነገር ካላመጣሽ ማሽኑን አስገባለሁ።»

በዚህ ምክንያት ሐሙስ ጠዋት ቁልፎቼን፣ ዳይሴንና ጠመኔዬን በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ቋጥሬ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንደረሳሁት፣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

እስከ አዳማ ያለውን መንገድ አውቀዋለሁ፤ የጅቡቲ መኪና ነው፣ አቧራ ነው፣ ግራር ነው። አዳማ ላይ መኪና ቀየርኩ። ከዴራ በኋላ ግን መንገዱ ሽቅብ መውጣት ጀመረ፣ አየሩም ተለወጠ። እኛ አገር መስኮት የሚከፈተው ነፋስ እንዲገባ ነው። እዚህ ሰው ሁሉ «መስኮቱን ዝጋው!» ይላል። ከኢተያ ወዲያ በግራም በቀኝም የሚታየው ስንዴ ነው። እኛ ጋ ሸንኮራውን መስኖ ነው የሚያበቅለው፤ ውሃው ከቀረ ይደርቃል። እዚህ ሰው ያልዘራበት ዳገት እንኳን አረንጓዴ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ነጠላዬን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው አዩትና፣ «ልጄ፣ ይሄን ለብሰሽ ነው አሰላ የምትሄጂው?» አሉ። አዎ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጋሽ ቱሉ ቤት ከከተማው መግቢያ ላይ ነው፣ በር ላይ ሣንቃ ተደግፎ ታያለሽ ተብዬ ነበር። ሣንቃውን አየሁት። «ወራጅ አለ» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም፣ ሣንቃው አለፈ። መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ። ተመልሼ በእግሬ ስወጣ ከንፈሬ ደርቆ፣ ጣቶቼ እንደ ሌላ ሰው ጣት ሆነው ነበር። የጋሽ ቱሉ ባለቤት እትዬ አስካለች በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ስሜን እንኳን ሳይጠይቁ ጋቢ አለበሱኝ።

«መናኸሪያ ወርደሽ ነው?» አሉ።

«አዎ።»

«ለምን እዚህ አልወረድሽም?»

ጋቢውን ወደ አገጬ ሳብኩት። እትዬ አስካለች ትንሽ አዩኝና፣ «እኔም ሙሽራ ሆኜ ስመጣ እንደዚሁ ነበር ያደረግኩት» አሉ። እውነት ይሁን እኔን ለማጽናናት ይሁን እስካሁን አላወቅኩም። እራት የገብስ ቂጣ በወተት ሰጡኝ። እኛ በዚህ ወቅት ማታ ማታ በር ላይ ምንጣፍ አንጥፈን ነው የምንተኛው። እዚህ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበውልኝ ከላይ ጋቢ ጨመሩበት፤ መተንፈስ እስኪከብደኝ።

አርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ የአናጢው ቤት ሞላ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሰው በሣንቃ ላይ፣ በባልዲ ላይ፣ ባላለቀ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። የጋሽ ቱሉ ጠረጴዛ ከኛው ይሰፋል። ወታደሮቹ ከቁርጥራጭ እንጨት የተቀረጹ ናቸው፤ ፈረሰኛው አናቱ ላይ ሚስማር ተመትቶበታል። ኮረብታው የሰጋቱራ ክምር ነው፣ ወንዙ ከመላጊያ የወጣ ረጅም ጥምዝምዝ ልጣጭ። የኛን ጠመኔ አሰብኩና ትንሽ ቀናሁ።

ጋሽ ቱሉ አጠር ያሉ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሰው ናቸው። «እንግዳዋ ትቀመጥ!» አሉ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ጀማል የሚባል ወጣት ነው፤ የልብስ ሱቅ አለው፣ ወላጆቹ ከስልጤ መጥተው ነው አሰላ የወለዱት። ሲቀመጥ ቤቱ ሁሉ ይለክፈው ጀመር።

«ጀማል፣ ጨርቅህን ሸጠህ ጨረስክና ዛሬ ወታደር ልትሸጥ ነው?»

«ለመተሐራ በቅናሽ ነው የምሸጠው» አለ።

ጥሩ ተጫዋች ነው። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ዳይሱን በደንብ አልያዝኩትም፤ እሱ ግን ባይደነዝዙም ይበልጠኝ ነበር። ቀኝ ክንፌን ሰበረው። ፈረሰኞቼን ወንዙ ጋ ቆለፋቸው። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ሊገድላቸው የሚችላቸውን ወታደሮቼን እየተወ ያልፋል። ኮረብታው ሥር ሦስት እግረኛ ከብቦ ሳይነካቸው ሄደ። እኔ ብሆን አንድም አላስቀርም ነበር። ደግሞ በየመሃሉ አንገቱን አዙሮ መንገዱን ያያል። ናቀኝ አልኩ በልቤ። ሰዎቹም እንደዚሁ ወደ ደጅ ያያሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ «ገና ነው?» ይባባላሉ።

እኔም ወደ ደጅ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ ባለች ሻይ ቤት በር ላይ አንዲት ወፈር ያሉ ሴት በአንድ እጃቸው በብርጭቆ የተሞላ ሰርቢስ፣ በሌላው ትልቅ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዘው፣ በመሃል ጋሪ እየመጣባቸው ቆመዋል። እትዬ ሙሉ ይባላሉ። ሰርቢሱ ዘመም ብሏል። ከዚያ ያደረግኩት ነገር ሳላስበው ነው። እናት ያሳደገቻት ልጅ፣ ትልቅ ሰው ዕቃ ከብዶት እያየች ትቀመጣለች? ብድግ አልኩ፣ መንገዱን ተሻገርኩ፣ «ይስጡኝ እትዬ» ብዬ ሰርቢሱን ተቀበልኩ፣ እሳቸውን አስከትዬ ገባሁ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

«ሻይ አመጣች! ራሷ አመጣች!»

አንዱ ከባልዲው ላይ ወደቀ። ሌላው እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ጀማል ብቻ አልሳቀም። ቆሞ ነበር።

«ጋሽ ቱሉ፣ ይሄ ስርቆት ነው!»

ጋሽ ቱሉ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወጡ፣ አሰቡ፣ መለሱት። «ሻይ መጥቷል» አሉ። «ማን አመጣው የሚል ሕግ የለንም። ተነሱ፣ ወንበር ቀይሩ።»

ሰርቢሱን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። አንድ ሰው ከእጄ ተቀበለኝ፣ ሌላው ትከሻዬን ይዞ ጀማል ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ጀማል በኔ ቦታ፣ ከተሰበረው ሠራዊቴ ጀርባ ተቀመጠ። ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን ፊቴ ያለው ጠንካራው ጦር ነው፣ ተራውም የኔ ነው። እጄ የሚያውቀውን ሠራ። እነዚያን ኮረብታ ሥር የነበሩትን ሦስት እግረኞች አነሳሁ፣ ወንዙን ተሻገርኩ፣ አዛዡን ያዝኩ። ሻዩ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ጀማል ብርጭቆውን ሳይነካ ኮፍያውን አደረገ። «ያ ሻይ በእግሩ አልመጣም» ብሎ ወጣ።

የምገባበት ጠፋኝ። ሰው እንዴት እንደማይቀር ልማር መጥቼ፣ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው አስቀረሁ። መተሐራ ያለው ባዶ ወንበር ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ።

እራት ሽሮ ነበር፤ እኔ ግን መጉረስ አቃተኝ። እትዬ አስካለች ባላቸውን በክርናቸው ነካ አድርገው «ለልጅቷ ንገራት እንጂ» አሉ። ጋሽ ቱሉ ገረማቸው።

«መኮንን አልነገረሽም? ለካ እሱ ጋ ይሄ ሕግ የለም!» አሉና እየሳቁ ነገሩኝ። ድሮ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት አማቾች ሲጫወቱ ተጣሉ። ሊደባደቡ ቆመው እያለ እትዬ ሙሉ ሻይ ይዘው ገቡና «ቁጭ በሉ፣ ላፈስስባችሁ ነው» ብለው ጮሁባቸው። ደንግጠው ሲቀመጡ አንዱ የሌላው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰው ሳቀ፣ እነሱም ሳቁ፣ ጨዋታውን እንደዚያው ተቀያይረው ጨረሱት። «ከዚያ ወዲህ ሻይ ሲመጣ ወንበር ይቀየራል። አንድ ጊዜ ብቻ። ሙሉ ደግሞ መቼ እንደምትመጣ እግዜር ነው የሚያውቀው። ደንበኛ ከበዛባት ትዘገያለች፣ ከሰለቻት ቶሎ ትመጣለች።»

«ለዚያ ነው ጀማል እግረኞቼን የተዋቸው?» አልኩ። ድምፄ ከወትሮው ከፍ ብሎ ወጣ።

«ይቀመጥበት ይሆናላ! ራሱ የሚገባበትን ቤት ማን ያፈርሳል?»

«አሁን ግን ተቀይሞ ሄደ።»

«ነገ ይመጣል» አሉ ጋሽ ቱሉ። እኔ አላመንኳቸውም።

ቅዳሜ

ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ በሩ ተንኳኳ። ጀማል ነው። በእጁ ወፍራም ቡናማ ሹራብ ይዟል።

«ልበሺው» አለ። «ስትሄጂ ትመልሺልኛለሽ። ትናንት ጣትሽ ሲንቀጠቀጥ ነበር። ዛሬ ሳሸንፍሽ በብርድ ነው እንዳትዪ።»

«ዛሬ?»

«ጎበሳ ከናንተ ጋር እሄዳለሁ። ዕቃ የማደርስለት ሰው አለ።» ከዚያ ፊቱን አዙሮ፣ «ዕቃው መቆየት ይችል ነበር» አለ። እትዬ አስካለች ከጓዳ ሲስቁ ተሰማኝ።

ጋሽ ቱሉ ጎበሳ ላሉ አንዲት ወይዘሮ የሠሩትን የቤት በር በአይሱዙ ጭነው ሊያደርሱ ነበር። አገር ታያለሽ ብለው እኔንም ጫኑኝ። ከፊት ከሹፌሩ ጋር ጋሽ ቱሉ፤ እኔና ጀማል ከኋላ ከበሩ ጋር። የጭላሎ ተራራ በደመና ተሸፍኖ ነበር፤ እኛ ጋ ደመና ሲታይ ሰው ደስ ብሎት ይወጣል፣ እዚህ ቀና ብሎ የሚያየውም የለም። ሳጉሬን አልፈን ወደ ጎበሳ ስንታጠፍ መንገዱ ኮረኮንች ሆነ። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። አንድ ቦታ ኮምባይነር መንገዱን ሞልቶ ሲመጣ ወደ ጠርዝ ወጣን፤ እዚያው ጎማችን ተነፈሰ። ሹፌሩ ትርፍ ጎማውን አወረደ። ሲነካው እሱም ተንፍሷል።

ሹፌሩ የተነፈሰውን ጎማ ባለፈ ጋሪ ላይ ጭኖ ጎሚስታ ፍለጋ ሄደ። እኛ ቀረን። ነፋሱ የመተሐራን ነፋስ አይመስልም፤ የኛው አሸዋ ይዞ ይመጣል፣ ይሄኛው ምንም ሳይዝ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ከመንገዱ ከፍ ብሎ ካለ ቤት አንዲት እናት ወጥተው አዩን። አዴ ሩቂያ ነው ስማቸው፤ አዴ ማለት በአርሲ ኦሮሞ እናት እንደማለት ነው። ከየት እንደመጣን እንኳን ሳይጠይቁ በእጃቸው ኑ አሉን። የኔ ኦሮምኛ የመተሐራ አካባቢ የከረዩ ነው፤ እሳቸው አንዳንዱን ቃል ስናገር በደስታ ይስቃሉ። «ከቆላ ነው የመጣችው!» አሉ ለልጃቸው ሚስት። ጨጨብሳ ቀረበ። ቅቤው በጣቶቼ መሃል ይወርዳል። እኛ ጋ ቅቤ በማንኪያ ጫፍ ነው የሚጨመረው፤ እዚህ እንደ ውሃ ነው።

ከበላን በኋላ ጋሽ ቱሉ መኪናው ላይ ያለውን በር አዩት። ጀማልም አየው። እኔም።

አወረድነውና አጨዳ ያለቀበት ማሳ ላይ አጋደምነው። ቁልፎቼን ከከረጢቱ አፈሰስኩ። ወንዙን በጠመኔ ሰመርኩ። ኮረብታ ጋሽ ቱሉ ከክምሩ ያመጡት የገብስ ነዶ ሆነ። እኔና ጀማል በበሩ ግራና ቀኝ መሬት ላይ ተቀመጥን፤ የአዴ ሩቂያ ቤተሰብ ዙሪያውን ቆመ።

ሹራቡ ሞቆኛል። ዳይሱም ያዘልኝ። እኔ ስሞቅ እንደምጫወተው ተጫወትኩ፤ ፈረሰኞቹን አንድ በአንድ አነሳሁ፣ እግረኛውን ከወንዙ ወዲያ ጠራርጌ ጨረስኩ። ሻይ ቤት በአካባቢው የለም ብዬ ነው መሰለኝ የጋሽ ቱሉን ሕግ ረሳሁት። ለጀማል አዛዡና አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ብቻ ቀሩት። ጀማል ዳይሱን ይዞ ዙሪያውን እያየ ጊዜ ይገፋል።

«ወርውር እንጂ» አልኩት።

«እየጸለይኩ ነው።»

ያኔ አዴ ሩቂያ ትልቅ ቅል በሁለት እጃቸው ይዘው ከቤት መጡ። አሬራ ነው።

ጀማል ዘሎ ተነሳ። «ሻይ መጣ!»

«አሬራ ነው!» አልኩ።

«የሚጠጣ ነው!»

«ሻይ አይደለም!»

ጋሽ ቱሉ እርሳሳቸውን አወጡ። ግን መፍረድ አቃታቸው፤ እየሳቁ ለአዴ ሩቂያ ነገሩን በኦሮምኛ አስረዷቸው። ትርጉሙ እኔም ገባኝ፦ ሻይ ሲመጣ ይቀያየራሉ፣ ያንቺ አሬራ ሻይ ነው አይደለም? አዴ ሩቂያ ቅላቸውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ለሳቅ የደረሰ ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ቤቴ ሻይ ስላጣ የሚሸነፍ እንግዳ የለም» አሉ። «ተነሱ።»

ተነሳሁ። በበሩ ዙሪያ ዞርኩ። ጀማል በነበረበት ቦታ ስቀመጥ ሜዳው ሌላ ሆነ። እዚህ ጋ ሆኖ ሲታይ ወንዙ በጣም ቅርብ ነው፣ ከወንዙ ወዲያ ያለው ጦር መጨረሻ የለውም። ከፊቴ አንድ አዛዥና አንድ የሸሚዝ ቁልፍ። የሚሠራበት ነገር የለም። አሁን ቶፊቅ ትዝ አለኝ፤ ሜትሩን ጠቅልሎ እጄ ላይ ያስቀመጠው ከዚህ ቦታ ሆኖ ነው።

«የሠራሽው ቤት ነው» አለ ጀማል፣ «ግቢበት።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በዚያች አንድ ቁልፍ መጫወት ጀመርኩ። ከነዶው ጀርባ ደበቅኳት። ዳይስ ስድስት ወጣላትና አንድ ፈረሰኛ ገደለች፤ አዴ ሩቂያ እልል አሉ። ሁለተኛም ገደለች። ቤተሰቡ ሁሉ ከሸሚዝ ቁልፏ ጎን ሆነ፤ ዳይሱን ስወረውር ከኋላዬ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። መጨረሻ ተሸነፍኩ። ግን ከብዙ ዘመን ወዲህ እንደዚያ ጨዋታ ልቤ የመታበት ጊዜ አልነበረም።

ጀማል ቁልፎቹን እየሰበሰበልኝ ቀስ ብሎ፣ «ትናንት ሻዩን አውቀሽ ነው ያመጣሽው?» አለ።

«እጃቸው ሞልቶ ነበር።»

«አውቃለሁ።» ትንሽ አሰበ። «እኔም ብሆን እረዳቸው ነበር። እየመራሁ ካልሆነ ግን።»

ጎማው ተጠግኖ መጣ። ጎበሳ የደረስነው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። ባለበሯ፣ ወይዘሮ ታየች የሚባሉት፣ ባትሪ ይዘው ወጥተው በሩን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ጎንበስ አሉ።

«ቱሉ፣ ይሄ መስመር ምንድን ነው?»

የጋሽ ቱሉ ፊት ተለዋወጠ። ቫርኒሹ በደንብ አልደረቀም ኖሮ ጠመኔዬ ተጣብቆበት ቀርቷል። እኔ ከመኪናው ጀርባ ተደበቅኩ።

«ወንዝ ነው» አሉ ጋሽ ቱሉ።

ቢታሽም አልለቀቀም። ጋሽ ቱሉ እንደገና ልላገው አሉ፤ ወይዘሮ ታየች ግን ከአሬራው ጀምሮ ያለውን ታሪክ ከጀማል ከሰሙ በኋላ እንቢ አሉ። «በውስጥ በኩል ይሁን። የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ የምናገረው ይኖረኛል» አሉ። መሸብን፣ እዚያው አሳደሩን። ለእራት በግ ታረደልን፤ የበሉት እነ ጋሽ ቱሉ ናቸው፤ እኔ ስለ በሩ አፍሬ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ወይዘሮ ታየች ግን መጥተው አጎረሱኝ።

እሁድ

ወደ አሰላ ስንመለስ እትዬ አስካለች ጭኮ በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ የገብስ ዱቄትና ቅቤ ነው፣ የአርሲ ስንቅ ነው። መተሐራ ሙቀት ውስጥ ይቀልጣል ብዬ ፈራሁ፤ ቀለጠም። ሹራቡን ጀማል ሱቅ አደረስኩ። አጣጥፎ ከመደርደሪያው አስቀመጠውና፣ «ሻዩን ወስደሽ መተሐራ ስታስገቢ እንዴት እንደሆነ ደውዪ» አለኝ።

ከኢተያ በታች ስንወርድ ተሳፋሪው ሁሉ ልብሱን መቀነስ ጀመረ። መስኮቱ ተከፈተ። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው። ሻይ እኛ ጋ አይሆንም። በዚያ ሙቀት ረቡዕ ከሰዓት ሻይ የሚጠጣ የለም፤ ለስላሳ ቢሆን ደግሞ ጎረቤታችን ያለው ሱቅ ጠርተኸው ወዲያው ነው የሚያመጣው። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ነገር ነው የሚያስፈልገው። አዳማ ስንደርስ ገና አላገኘሁትም። ወለንጪቲን ስናልፍ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት የተቀደደ ቀሚሷን እያየች «መቼ ነው የማሰፋው» ስትል ሰማሁ፤ ያኔ አገኘሁት።

ረቡዕ

ጋሽ መኮንን ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ መቀሳቸውን አስቀመጡ። «ደንበኛ ሲመጣ ወንበር ይቀየራል ነው የምትዪኝ?»

«አዎ፣ ጋሽ።»

«በኔ ደንበኛ ልትጫወቱ?»

«መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም» አልኩ። «እርስዎም አያውቁም።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ በሐዘን። ከዚያ ማሽኑን ለማስገባት እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚታገሱ ነገሩኝ። ሰው የማምጣቱ ነገር ግን የኔ ነው።

ባጃጅ ተራ ድረስ ሄድኩ። ቶፊቅ ጓደኞቹ መሃል ቆሞ ነበር፤ ሲያዩኝ «ጄኔራል መጣች!» አሉ። መሬት መሬት እያየሁ ነገርኩት።

«አንቺን በራስሽ ጦር ነው የምመታሽ?» አለ።

«ደንበኛ ከመጣ።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣ እጨርስሃለሁ።»

ሳቀ። ከኋላው ያሉት ከሱ በላይ ሳቁ። ከሰዓት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ።

ጨዋታው እንደ ድሮው አልሆነም። የቶፊቅን ፈረሰኛ ባነሳው ይሻል ነበር፤ ግን የምቀመጥበት ቢሆንስ ብዬ ተውኩት። ቶፊቅም ገባውና፣ «አየህ፣ ራርታልሃለች» አለ ለቁልፉ። ጓደኞቹ በሩ ላይ ቆመው መንገደኛውን ይቆጥራሉ፤ አንዱ ሰው ወደ ሱቁ ሲያይ «ግባ! ግባ!» ይሉታል፣ ሰውየው ይሸሻል። ጋሽ መኮንን ከማሽናቸው ቀና ብለው «ደንበኛዬን አባረራችሁት!» ይጮሃሉ። ሳቁ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር፤ የሰሙ ሁለት ሰዎች ምን እንደሆነ ሊያዩ በር ላይ ቆሙ።

እኔ እየመራሁ ነበር። አዛዡን ልይዝ አንድ ውርወራ ቀረኝ። ዳይሱን አነሳሁ። ያኔ አንዲት እናት የልጅ ዩኒፎርም በእጃቸው ይዘው ወደ በሩ መጡ፣ አንድ እግራቸውን ደጃፉ ላይ አሳረፉ።

«ግቡ እናቴ፣ ግቡ!» አለ ቶፊቅ።

«ዝግ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሽ መኮንን ማሽናቸውን አቆሙ። ሴትዮዋ በክፍት በር፣ በሰው በተሞላ ሱቅ፣ እጄ ላይ ዳይስ ይዤ ቆሜ አዩኝ።

«ልጄ፣ ዝግ ከሆነ ምን ትሠራላችሁ?» አሉና ገቡ።

ቶፊቅ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዞሬ በሱ ቦታ ተቀመጥኩና የቀሩኝን ወታደሮች ቆጠርኩ።